ባትሪዎቹ ላይ የተጻፈችው «ሞ»

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የጉልበትሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ ፈተናውን ጨረሰ? መንትዮቹ ዛሬም በአንድ እርሳስ ይጣላሉ? የጓሮው በር ማጠፊያ ተሠራለት ወይስ እስካሁን በገመድ ታስሮ ነው? ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈውን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁና እስከዚያ በዚህ ያዢልኝ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ አፌ በራሱ ጊዜ «ሁሉ ሰላም ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻው ይጠፋኛል። ስለዚህ በምንሠራበት ክበብ ልብስ የምታጥበው ሴት ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስለምትመጣ ወረቀቱን በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ሥራ ይዘሽ ከሆነ አስቀምጪውና ቁጭ ብለሽ ብቻሽን አንብቢው። የሞተ ሰው የለም፤ አትደንግጪ። ጉዳዩ የባለቤትሽ፣ የጋሼ ነው። ጋሼን ከሥራ ያስባረርኩት እኔ ነኝ።

ሥራችንን በደንብ ካላወቅሽ ነገሩ አይገባሽም። «ጋሪ እንጠግናለን» ስንልሽ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ መስሎሽ፣ ፈረሱንስ ማን ያበላዋል ብለሽ መጠየቅሽን ጋሼ ነግሮኝ ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ጎልፍ የሚባለው ጨዋታ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። ጉድጓዶቹ አስራ ስምንት ናቸው፤ ሁሉንም ዞሮ ለመጨረስ አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ዱላው ብዙ ነው፣ ከረጢቱ ከባድ ነው፣ ተጫዋቾቹ ደግሞ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ከረጢቱን የምትሸከምላቸው ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ ጋሪ አለች። ሆዷ ላይ ባትሪ፣ ከኋላ ሞተር አላት፤ እጀታዋ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲያዞሩት ከጎናቸው ትሄዳለች። ክበቡ እንዲህ ያሉ አርባ ስምንት ጋሪዎች አሉት። እነሱን ማከም ነው ሥራችን።

ከአስር ብልሽት ዘጠኙ የባትሪ ነው። ጋሪዋ አልሄድ ስትል ሰው ሁሉ ሞተሯ ተቃጠለ ይላል። እኛ ግን መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቅለን ጫፉን እናያለን። አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ በብሩሽ ፈግፍገን መልሰን ስንሰካው ብዙዎቹ ምንም እንዳልነካቸው ተነሥተው ይሄዳሉ። ካልሆነ ገመዱ መሀል ያለችውን ፊውዝ እናያለን፤ ከዚያ ቻርጀሩን። የቻርጀሩ መብራት በአምስት ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ አይደለም፣ አልቀበልም ብሎ ነው። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ቻርጅ ላይ ውሎ ገና የተነቀለ አሮጌ ባትሪ ነው። በቴስተር ስትለኪው አስራ ሁለት ከምናምን ቮልት ያሳይሻል፤ ጤነኛ ነው ብለሽ ትሰጫለሽ፤ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ዳገት ሲያይ ቀጥ ይላል።

ይህን ያስተማረኝ ጋሼ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ባትሪ ሲሞላ የኖረ ሰው አይደል? በመጣ በሦስተኛው ቀን ከአሮጌ ዕቃ መሀል አንድ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ፈልጎ ሁለት ሽቦ አበጀለት። ባትሪ ማለት አምፖል አሸክመኸው ሩብ ሰዓት ስትጠብቅ ነው የሚታወቀው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦማ ማን የማይጎብዝ አለ አለኝ። እኔ በቴስተሬ ስኮራ የነበርኩት ሰውዬ ከዚያ በኋላ ምላሴን ዋጥኩ። በመዳፉ ዳብሶ የትኛው ባትሪ ውስጡ እንደሞቀ ይነግረኝ ነበር፤ ስለካው እውነት ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጋሼ ከመምጣቱ በፊት ብቻዬን ስሠራ፣ የሞላ ባትሪ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ «ሞ» ብዬ እጽፍበት ነበር። ሞላ ለማለት ነው። ቃል ማሳጠር የልጅነት አመሌ ነው፤ የቤት ሥራዬን ስታርሚ፣ ፊደል ተሰፍሮ የተሰጠህ ይመስል ለምን ትሰስታለህ እያልሽ ትቆጪኝ ነበር። ባትሪ ክፍሉ ውስጥ ፊደላችንን የሚያነብ ሌላ ሰው ስላልነበረ ማንንም አላስቸገረም። ጋሼ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ባትሪ ታቅፎ መጣና፣ ይኸኛው ላይ «ሞ» ልጻፍበት ወይ አለኝ። የቻርጀር ሆድ ከፍቼ አጎንብሼ ነበር። ቀና ሳልል፣ ጻፍበት አልኩት። እሱ ሞተ ማለቱ ነበር። እኔ ሞላ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዲት ፊደል እየጻፍን፣ እኔ የሞላውን፣ እሱ የሞተውን ስንለይባት ኖርን።

ስምንት ወር ሙሉ ምንም አልተፈጠረም። እኔ ጠዋት እገባለሁ፣ እሱ ከሰዓት ይገባል፤ በር ላይ ተሳስመን እንተላለፋለን። የሞላው ባትሪ በስተቀኝ መደርደሪያ ላይ፣ የሞተው በስተግራ ወለሉ ላይ ስለሚቀመጥ ፊደሉን ማንም አያየውም ነበር፤ ቦታው ይናገራል። በኋላ ግን ክፍሉ ቀለም ይቀባ ተባለና መደርደሪያው ሁሉ ወጣ። ባትሪዎቹን ኮሪደሩ ላይ አንድ ላይ ደረደርናቸው። በማግስቱ ትልቅ ውድድር ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት የሞቱ ባትሪዎችን የሚወስደው የአሮጌ ብረት ሰብሳቢ በመኪናው መጣ። ጋሼ ኮሪደሩን ሲያይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ሞ» የተባሉ አስራ አራት ባትሪዎች አገኘ። በዛ ብሎት ነበር፣ ኋላ እንደነገረኝ፤ ግን ቴስተሩን የያዘው እሱ ነው፣ ለክቶ ነው የጣላቸው ብሎ አመነኝ። ተሸክሞ ጫነለት፤ መኪናው ሲሞላ የራሱዎቹን ለሌላ ቀን አስቀራቸው። እኔ ደግሞ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ገብቼ በጋሼ እጅ ጽሑፍ «ሞ» የተባሉትን አየሁ። ከሰዓት ሙሉ ሲሞላልኝ ውሏል፣ ጎበዝ ብዬ፣ የእኔዎቹ የት ገቡ ሳልል ጋሪዎቹ ላይ ገጠምኳቸው። ቀለም ቀቢዎቹ ቻርጀሮቹን ከክፍሉ ሲያወጡ በእጃቸው የገባውን ባትሪ ሁሉ ሰክተውባቸው ስለነበር፣ ሁለቱን በቴስተር ስነካቸው አስራ ሁለት ተኩል አሳዩኝ። አምፖሉ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሩብ ሰዓት አጥቼ ሳይሆን ሰንፌ ነው ያላወረድኩት።

አስራ አንድ ጋሪ ሜዳው መሀል ቆመ። አስሩን ሰዎቹ እየተሳደቡ ገፍተው መለሷቸው። አስራ አንደኛው ባለኮፍያው የምንለው፣ ሁልጊዜ ቀድሞ ሰላም የሚለን ሽማግሌ እጅ ላይ ነበር። ጎማውን ከሞተሩ የምታላቅቀዋን ቁልፍ አያውቃትምና ዳገቱን ጎትቶ ሊያወጣት ሞከረ። ጋሪዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ጣለችው። ዳሌው ተሰበረ። በቃሬዛ ሲወስዱት በኮሪደሩ በኩል አለፉ፤ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አስቀምጠውለት ነበር።

በሁለተኛው ቀን አለቃችን ጠራን። ከቆሙት ጋሪዎች ላይ የላጣቸውን ፕላስተሮች ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። አስራ አንድ «ሞ»። ሁሉም የጋሼ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ጊዜ እያደመቀ ስለሚጽፍ ከሩቅ ይታወቃሉ። አለቃችን አንዱን በጣቱ እየነካ፣ ይህ ምልክት ምን ማለት ነው ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

እትዬ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ሞተ ማለት ነው ብል፣ ሞተ የተባለውን ባትሪ ጋሪ ላይ የገጠምኩት እኔ ጥፋተኛ ነኝ። ሞላ ማለት ነው ብል፣ የሞተውን ሞላ ብሎ የጻፈው፣ የሞላውንም ለብረት ሰብሳቢ የሰጠው ጋሼ ጥፋተኛ ነው። ሁለቱም ውሸት አይደለም። ሙሉውን አስረዳለሁ ብል ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ ማንም አላጣደፈኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ሞላ ማለት ነው አልኩ።

አለቃችን፣ እሱንም ጠይቀው አለኝ። ጋሼ ቋንቋውን ገና ስላልያዘው አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ወደሱ ዞሬ በአማርኛ፣ ጋሼ፣ «ሞ» ማለት ሞላ ማለት ነው አይደል አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባው፤ የስምንት ወሩ ሁሉ ባንዴ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። አንተ ካልክ ነው፣ አለኝ። ወደ አለቃችን ዞርኩና፣ አዎ ብሏል፣ ብዬ ተረጎምኩ።

አለቃችን በዚያው ሰዓት አሰናበተው። የምንተኛበት ክፍል ገብቶ ልብሱን ሲያጣጥፍ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ እየቆለፈ ነበር የሚያጥፈው፣ እንደምታውቂው። ሁለታችንም ከምንወጣ አንዳችን ብንቀር ይሻላል፤ አንተ ቋንቋውን ይዘሃል፣ የመኖሪያ ወረቀትህም ሊያልቅልህ ነው፤ እኔ ትከሻ አለኝ፣ የትም እሸከማለሁ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ፤ ለእህትህ እንዳትነግራት። በእኔ ብትቆጣ ይበርድላታል፣ አንተን ግን አሳድጋሃለች፣ ባንተ ካዘነች አይበርድላትም፣ አለኝ። እሺ አልኩት። ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ ልሸከምለት ስል፣ ተወው፣ ሥራህ እንዳያልፍህ አለኝ። እኔም ተውኩትና ሥራ ገባሁ።

ምን ተሰማህ ብትዪኝ፣ ምንም። የነገሩ ክፋት ይኸው ነው። ጥርስ ሊነቀልልሽ መርፌ ተወግተሽ ድድሽ እንደሚደነዝዘው ሆኛለሁ፤ አለ፣ ግን የኔ አይመስለኝም። ያን ዕለት ምሳዬን ጨርሼ በላሁ። ባለፈው ሽቦ ስበይድ ጣቴ ተቃጥሎ ያወቅኩት ሲሸተኝ ነው። የእሱ አልጋ ላይ አሁን ሌላ ሰው ይተኛል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አያንኮራፋም፣ ስሙን ጠይቄው ረሳሁት። ጠዋት ጋሪዎቹን እደረድራለሁ፣ ገመድ እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ፣ እለካለሁ። አልቅሼ ቢወጣልኝ ብዬ ብቻዬን ስሆን የእማዬን ሞት እንኳ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣም።

ጋሼ አሁን ከዚህ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ አትክልት ማከፋፈያ ውስጥ ሣጥን ያራግፋል። በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ስለ ራሱ አያወራም። አነሳችልህ? እንዴት ናት? ድምፅዋ እንዴት ነው? ይለኛል። የእሱን ስልክ ማንሳት ካቆምሽ ሁለት ወር ሊሞላሽ መሆኑን ከሱ አይደለም የሰማሁት፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ወሬው በማን በኩል እንደደረሰሽ አላውቅም፤ በዝርክርክነቱ ተባረረ፣ ሰው አካለ ስንኩል አደረገ፣ እሱ ግን ሥራው አልቆ ነው ብሎ ዋሸኝ ብለሽ ቆርጠሽበታል።

ባለፈው እሁድ ደውለሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ። ወንድሜ፣ አንተ ለምነህ ሥራ ብታስገባው ባለቤቴ በሰው አገር አንገትህን አስደፋህ፣ በሱ ፈንታ እኔ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ አልሽኝ። አንቺ፣ እኔን። ምንም አይደል እትዬ፣ ያለ ነው፣ አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያልኩትን ቃል ለራሴ ደግሜ ብለው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ሰው እንደዚህ መሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሞላውንም፣ ሞተውንም፣ ያላወረድኩትን አምፖልም፣ የተረጎምኩትንም። ወረቀት ላይ ሁለቱን ቃላት ጽፌ የመጀመሪያዋ ፊደል አንድ መሆኗን አሳየሁት። እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ልብሴንም አጣጥፌ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን ወረቀቱን ወደ እኔ መለሰና፣ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ሽማግሌውም በምርኩዝ መሄድ ጀምሯል፣ በሰውየው ቦታ ሌላ ተቀጥሯል፣ አሁን ይህን ለምን ታመጣብኛለህ አለኝ። ከመሳቢያው አረንጓዴና ቀይ ተለጣፊ የሞላበት ካርቶን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከእንግዲህ በቀለም እንጂ በፊደል እንዳትጽፉ ብሎ። ሥራህ ላይ ግባ አለኝ። ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ እውነቱን የሚፈልገው ሰው የለም ማለት ነው። ጋሼም እንዲነገር አይፈልግም፤ ይህን መጻፌን ቢያውቅ ይቆጣኛል። እውነቱ ቢነገር የሚቀየር ነገር ያለበት አንድ ቤት ብቻ ነው የቀረው፤ ያንቺ ቤት። ባልሽ ዝርክርክ አይደለም። ያጠፋው ጥፋት ቢኖር እኔን ማመኑ ነው፤ አንዴ ኮሪደሩ ላይ፣ አንዴ አለቃችን ጠረጴዛ ፊት። የዋሸሽም እኔን ሊሸፍን ነው። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ እንዲህ ደንዝዤ ይቅርታ ብጠይቅሽ ቃል ብቻ ነው የሚሆነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ሲደውል አንሺለት። የሚደውለው ሣጥኑን አራግፎ ሲጨርስ፣ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ስደውል ባታነሺ ይገባኛል።

ለትልቁ ልጅሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ስለ አባቱ የተባለውን ሰምቶ ከሆነ ይህን ወረቀት ራሱ ያንብበው፣ አትደብቂው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ አንድ አንድ እርሳስ ይገዛላቸው፣ እንዲያርፉ። የላይኛው ቤት ጎረቤትሽን እንዴት ሰነበቱ በዪልኝ። ለጋሼ እናት፣ ለእማማ፣ ጉልበትዎን ስሜያለሁ ብሏል በያቸው፤ ከዚያ ልጃቸው ምንም እንዳላጠፋ ንገሪያቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ግቢ ወጥተሽ ጮክ ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው፤ እስኪገባቸው ድረስ ደጋግሚው። ያጠፋሁት እኔ መሆኔንም ስሜን ጠርተሽ ንገሪያቸው። ጎረቤቱ ቢሰማ ይስማ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ

ከባትሪ ክፍሉ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን